ናታኒያ ውሃ አይጋገርም፤ ማሽኑ ግን ኢየሩሳሌም ያድራል

ናታኒያ የሚኖር ሰው ጠዋት ተነስቶ ቧንቧ ሲከፍት ውሃው በረዶ ሆኖ አያገኘውም። ባሕሩ ይጠብቀናል። በክረምቱ መጨረሻ፣ በጣም በሚቀዘቅዝበት ጊዜ እንኳ የባሕሩ ውሃ ወደ 17 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ለዳርቻው ያካፍላል። ታዲያ በክርያት ኖርዳው ወይም በሔፍጺባ ለሚኖሩ አባቶችና እናቶች ስለ ውርጭ መጻፍ ምን ይጠቅማል?

መልሱ ከሕንጻው ሥር በቆሙት የሥራ መኪናዎች ውስጥ ነው። ከልጆቻችንና ከልጅ ልጆቻችሁ መካከል በጽዳት ሥራ፣ በመኪና እጥበት፣ በግንባታ ቦታ ተሰማርቶ የራሱን እንጀራ የሚበላ ብዙ ነው። ከነዚህ ሰዎች መኪና ኋላ ከባልዲውና ከመጥረጊያው ጋር አንድ ማሽን አይጠፋም። እዚህ አገር ሰው ሁሉ "ገርኒክ" ይለዋል፤ በኢትዮጵያ የላቫጆ ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃ ከቧንቧ ተቀብሎ በኃይል እየረጨ ቆሻሻ የሚያነሳው ማሽን ነው። ይህ ማሽን ናታኒያ ያድራል፣ ሥራው ግን ናታኒያ ብቻ አይደለም። ዛሬ ኢየሩሳሌም የሕንጻ ደረጃ ያጥባል፣ ነገ ጽፋት ግቢ፣ ከነገ ወዲያ ጎላን የእርሻ መሣሪያ። ሥራው ሁለት ቀን የሚወስድ ከሆነ ማሽኑ እዚያው፣ መኪናው ውስጥ ወይም ሰገነት ላይ ያድራል። አደጋው ያለው እዚያች ሌሊት ላይ ነው።

በክረምት አንዲት ቀዝቃዛ ሌሊት የማሽኑን ልብ፣ ፓምፑን፣ ለሁለት ልትሰነጥቀው ትችላለች። ፓምፕ ከተሰነጠቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥገናው ከአዲስ ማሽን ዋጋ ብዙ አይርቅም። የቤት ማሽን በጥቂት መቶ ሸቅል ይገኛል፣ የሙያ ማሽን ግን ብዙ ሺህ ያወጣል። በራሱ ስም ለሚሠራ፣ "ዓጽማኢ" ለሆነ ሰው፣ ይህ የአንድ ወር ኪራይ ማለት ሊሆን ይችላል። አምራቾችም በመመሪያቸው ላይ ከውርጭ ጠብቁት ብለው ይጽፋሉ፤ ስለዚህ በውርጭ የተሰበረውን በዋስትና እናስጠግናለን ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የግፊት ማሽን በውሃ ግፊት እንዴት ይሰበራል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የቤት ቧንቧ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ባር ነው። የመኪና ጎማ ከ2 ባር ጥቂት ይበልጣል። ገርኒክ ግን ለቤት የሚሆነው እንኳ ከ100 እስከ 150 ባር ይሰጣል፤ የሙያው 200 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። 150 ባር ምን ያህል ነው ቢሉ፣ 1,500 ሜትር ቁመት ያለው የውሃ ዓምድ ከሥሩ የሚሰጠው ግፊት ነው። ከደባርቅ በላይ የሰሜን ተራሮችን ገደል ያየ ሰው ይህን ቁመት ያውቀዋል፤ እዚያ አንዳንዱ ገደል ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ ያንን ሁሉ የሚችል ብረት፣ ዝም ብሎ በተኛ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንዴት ይሰነጠቃል?

ውሃ ከሌላው ነገር የተለየ ጠባይ አለው። አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ድረስ እንደዚያው ይሰበሰባል፤ ከዚያ በታች ግን መልሶ መስፋት ይጀምራል፣ በረዶ ሲሆን ደግሞ በአንዴ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። 10 ሊትር ውሃ ወደ 11 ሊትር የሚጠጋ በረዶ ይሆናል ማለት ነው። ቦታ ካገኘ ይስፋፋል፣ ምንም አያደርግም። ቦታ ካጣ ይገፋል። መውጫ የሌለው ውሃ ከዜሮ በታች በእያንዳንዷ ዲግሪ ወደ 130 ባር ገደማ ተጨማሪ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ሁለት ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን ግፊቱ ማሽኑ በሥራ ላይ ከሚለምደው ያልፋል። ደግሞ ፓምፑ ሁሉ እኩል ጠንካራ አይደለም። ውሃ የሚገባበት በኩል የተሠራው ለቧንቧ ግፊት ብቻ ነው፤ ማጣሪያው የሚቀመጥበትና ጎማው የሚገጠምበት ክፍል በብዙ ማሽን ላይ ፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው፤ ቀጥሎ የፓምፑ ራስ።

ይህን ነገር እናቶቻችን በሌላ መንገድ ያውቁታል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ ሲሠሩ የነበሩ እናቶች፣ በደንብ ያልደረቀ ጀበና እሳት ውስጥ ከገባ እንደሚፈነዳ ለልጅ መንገር አያስፈልጋቸውም። በግድግዳው ውስጥ የቀረችው ትንሽ እርጥበት እንፋሎት ሆና መውጫ ስታጣ ሸክላውን ትከፍለዋለች። ውርጭም የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ በእሳት ፈንታ በብርድ። ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ አባቶችም ቢሆኑ ብረት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ የሚታጠፍ አለ፣ የሚሰነጠቅ አለ። የፓምፕ ራስ ከናስ ወይም ከአሉሚኒየም ቀልጦ ፈስሶ የተሠራ ነው፤ ታጥፎ ቦታ አይለቅም፤ ይሰነጠቃል።

ካናዳ ውስጥ በኩቤክ ከተማ ከ1784 እስከ 1785 በነበረው ክረምት ኤድዋርድ ዊልያምስ የሚባል የእንግሊዝ የመድፍ መኮንን ይህንኑ ፈትኖታል። ባዶ የብረት የመድፍ ጥይቶችን ውሃ ሞልቶ፣ አፋቸውን በብረት ውታፍ ደፍኖ ውርጭ ላይ አሳደራቸው። አንዳንዱ ውታፉን ከመቶ ሜትር በላይ ወርውሮ በረዶው በቀዳዳው ብቅ አለ። ውታፉ አልወጣም ያለው ጥይት ግን ራሱ ተሰነጠቀ። መድፍ የሚቋቋም ብረት እንዲህ ከሆነ፣ የገርኒክ ፓምፕ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ውርጭ የሚመጣው ዝናብ ሲያቆም ነው

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ልጆች ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ሲዘንብ "ዛሬ ሌሊት ይበርዳል" ብለው ይጨነቃሉ። አደገኛው ሌሊት ግን እሱ አይደለም። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን የሞቀችውን ሙቀት ይዞላት ያድራል። ውርጭ የሚወርደው ዝናቡ አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ንፋሱ ጸጥ ሲልና ከዋክብት ሲወጡ ነው። ያኔ የምድር ሙቀት ያለ ከልካይ ወደ ላይ ይሄዳል።

ኢትዮጵያ ያደጋችሁ ይህን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። በደጋ ውርጭ የሚመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል። ደብረ ብርሃንም፣ ዳባትና ደባርቅም፣ ገበሬው ባቄላውን ሜዳ ላይ አይቶ "ዛሬ እንዳይመታው" የሚለው በነዚያ ወራት ነው። ልዩነቱ እዚያ ዝናቡና ብርዱ ወራታቸው የተለያየ ነው። እዚህ ግን ሁለቱም በአንድ ሖረፍ ይመጣሉ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ። ሦስት ቀን ይዘንባል፣ በአራተኛው ቀን ፀሐይ ይወጣል፣ ሰው "ተመስገን፣ አለፈ" ብሎ ጃኬቱን ያወልቃል። ማሽኑ የሚሰነጠቀው በዚያ ሌሊት ነው።

በሬዲዮና በቴሌቪዥን የዕብራይስጥ ዜና ስትሰሙ "ቃራ" የሚለው ቃል ከተጠራ እሱ ነው። ለአማርኛ ጆሮ "ካራ" ይመስላል፣ ቢላዋው። መጥፎ ማስታወሻ አይደለም። ሁለቱም ይቆርጣሉ። ማለዳ ሣር ላይ የሚታየው ነጩ አመዳይ ደግሞ "ክፎር" ይባላል።

ሌላው፣ ብርድ ሁልጊዜ ከፍታ ላይ ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፤ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ረግረግና ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ለዚህ ነው በገሊላ የቤት ነቶፋ ሸለቆ በዙሪያው ካሉት ኮረብታዎች ይልቅ በአንዳንድ ሌሊት የሚቀዘቅዘው፤ የአቮካዶና የሙዝ ገበሬም የሚያዝነው። ልጅዎ "የምሄደው ተራራ ላይ አይደለም፣ ሜዳ ነው" ቢልዎ ያ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ማጋነን ግን አያስፈልግም። ኢየሩሳሌም ወደ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዓመት ከዜሮ በታች የምትወርድባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ጽፋት ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ሰሜን ጎላን ደግሞ ይብሳል። ግን ጥቂት ሌሊት ማለት ምንም ሌሊት ማለት አይደለም። በዲሴምበር 2013 ኢየሩሳሌምን በረዶ ሸፍኗት መንገዶቿ ተዘግተው ነበር፤ በ2021 እና በ2022 ክረምትም በረዶ ወርዶባታል። ራሷ የባሕር ዳርቻዋም ብትሆን ለዘላለም ነጻ አይደለችም፤ በፌብሩዋሪ 1950 በረዶ እስከ ቴል አቪቭ ወርዶ ነበር። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ከሱዳን ሙቀት በቀጥታ ወደዚህ አገር ሖረፍ የገባችሁ፣ በተለይ ጽፋት የቆያችሁ፣ የዚህን አገር ብርድ ከእኔ የተሻለ ትናገሩታላችሁ። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ፣ ብርድ ማለት ዝናብ የሚመስለኝ የዳርቻ ልጅ ነኝ።

ማታ ሥራ ሲያልቅ

ፓምፑን ማዳን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነገሩ ሁሉ አንድ ነው፦ ውሃ ውስጡ አይደር።

መጀመሪያ ሳሙና የሚስበው ቱቦ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ገብቶ ማሽኑ ጥቂት ይሥራ፤ ሳሙናው ይታጠባል። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቧንቧው ይዘጋል። አሁን የሽጉጡን ምላስ መሳብ፤ በውስጡ የቀረው ግፊት ፉት ብሎ ይወጣል። ይህን ሳያደርጉ ጎማ ለመንቀል መታገል ጣት ያስጎዳል። ግፊቱ ከወጣ በኋላ ውሃ የሚያስገባው ጎማ ይነቀላል። ቀጥሎ ያለውን ነው ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ጎማው ተነቅሎም ፓምፑ ውስጥ ውሃ አለ። ስለዚህ ማሽኑ ያለ ውሃ እንደገና ይነሳል፣ ሽጉጡ ተስቦ ይያዛል፣ ውሃው እየተንጠባጠበ አየር ብቻ መውጣት ሲጀምር ወዲያው ይጠፋል። ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል። ከአንድ ደቂቃ በላይ ማስኬድ ግን ሌላ ጉዳት ነው፤ ፓምፑ ውስጥ ያሉት የጎማ ቀለበቶች የሚቀዘቅዙትና የሚለሰልሱት በውሃ ነው፣ ደረቅ ከሠሩ ይቃጠላሉ።

ከዚያ ጎማዎቹ፣ ሽጉጡና ዘንጉ ተነቅለው ወደ ታች ተደፍተው ይንጠፈጠፉ። የውሃ ማጣሪያው ይውጣ፣ ይታጠብ። ሰው ፓምፑን ብቻ አስቦ ሽጉጡን ይረሳል፤ ሽጉጡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማንኪያ ውሃ ግን የሽጉጡን ቫልቭ ለመስበር ትበቃለች። ውሃ የሚያሞቀው ዓይነት ማሽን ከሆነ ደግሞ ውስጡ የሚጠመጠም ረጅም ቱቦ አለው፤ ያንን ባዶ ማድረግ ከባድ ስለሆነ በመመሪያው መሠረት መሥራት ወይም ባለሙያ መጠየቅ ነው።

ማሽኑ የት ይደር? ሰው "መኪና ውስጥ ነው፣ ተዘግቷል" ይላል። የቆመ መኪና ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት የሚሰጥ ነገር የለም፤ እስከ ንጋት ከውጭው ጋር ይስተካከላል። ሰገነትም ያው ነው። ክፍል ውስጥ፣ ደረጃ ሥር፣ ማሕሳን ውስጥ፣ ግድግዳው የሰው ቤት ሙቀት በሚካፈልበት ቦታ ይደር። በሩቅ አገር ሥራ ያለው ልጅ ለሚያሠራው ሰው "ማሽኔን ውስጥ ላሳድር" ማለትን ማፈር የለበትም።

ደግነት ያላቸው እናቶች ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደሚያስቀምጡ ይታወቃል። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው ሰው ራሱ ሙቀት ስላለው ነው፤ ጋቢው ያንን ሙቀት ይይዝለታል እንጂ አይፈጥርም። ማሽን ሙቀት የለውም። ብርድ ልብሱ ብርዱን ለአንድና ለሁለት ሰዓት ያዘገየዋል፣ እስከ ንጋት ግን አያደርሰውም። ውሃው ከወጣ በኋላ ቢሸፍኑት ከአቧራ ይጠብቀዋል፣ ከውሃው ጋር ሸፍኖ መተኛት ግን ራስን ማታለል ነው።

ለብዙ ሳምንት የሚቀመጥና ብርድ ቦታ ከመሆን ሌላ ምርጫ የሌለው ማሽን "አንቲፍሪዝ" የሚባለው ፈሳሽ ይገባበታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለመኪና ራዲያተር የሚሸጠው ብዙው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ነገር አለበት፤ ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው። ትንሽ ልጅ ወይም ውሻ ቢቀምሰው ኩላሊቱን ያጠፋል። በፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራው በጣም ያነሰ ጉዳት አለው፤ ሲገዙ ማሸጊያውን ማንበብ ወይም ሻጩን መጠየቅ ነው። ከማሽኑ ሲወጣም በባልዲ ይሰብሰብ፤ ግቢ ውስጥ ወይም የዝናብ ውሃ ቦይ ውስጥ አይፈስም። ውሃ ውስጥ ጨው መጨመር የሚመክሩ አሉ፤ ጨው ውሃው እንዳይጋገር ያግዛል፣ ብረቱን ግን ይበላዋል። አረቄም አይጋገርም፤ እሱ ግን ለእንግዳ ይቆይ።

ጠዋት በረዶ ሆኖ ከተገኘ

ማሽኑን መቀስቀስ የለበትም። ሞተሩ "እምም" እያለ ካልዞረ ወዲያው ማጥፋት። ውስጡ በረዶ ስላለ ፒስተኑ አይንቀሳቀስም፤ በግድ ማስነሳት ያልተሰበረውን ይሰብረዋል። የፈላ ውሃ ማፍሰስም አይገባም፤ ቀዝቃዛ ብረት በድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል። እሳት ማቅረብ ከሁሉም የከፋ ነው። ሙቅ ክፍል አስገብቶ ሰዓታት መጠበቅ ብቻ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ቀስ ብሎ ማስነሳትና ከፓምፑ ሥር ጠብታ መኖሩን ማየት። ስንጥቅ አንዳንዴ እንደ ፀጉር ቀጭን ናት፤ ግፊት ሲመጣ ነው የምትታየው። ያንን ስንጥቅ በጣት ለመዳሰስ መሞከር ግን እጅ ሊያሳጣ ይችላል።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የገርኒክ ውሃ በቀጭን ቀዳዳ ሲወጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ከላይ ስትታይ የመርፌ ቀዳዳ ታህላለች፣ ደምም ላይኖራት ይችላል፤ ከውስጥ ግን ውሃውና ቆሻሻው በሥጋው መካከል ተሰራጭቷል። ሰው "ምንም አይደል" ብሎ በፋሻ አስሮ ሥራውን ይቀጥላል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እጁ ያብጣል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሚዩን መሄድ፣ ሲደርሱም "የግፊት ማሽን ነው የመታኝ" ብሎ መናገር። ዶክተሩ ይህን ካልሰማ በትንሿ ቁስል ሊሸወድ ይችላል። ይህችን አንቀጽ ለልጅዎ ቢያነቡለት ደስ ይለኛል፤ ወጣቶቻችን ሆስፒታል መሄድን እንደ ድክመት የሚቆጥሩበት ጊዜ አለ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ላይ ሁለት ነገር። ማስረዘሚያው ገመድ እርጥብ መሬት ላይ አይጋደም፤ ሶኬቱም "ፓሐት" ያለው መስመር ላይ ይሁን፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው እሱ ነው። በቤንዚን የሚሠራው ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ሚክላት ውስጥ፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይነሳም፤ ለአንድ ደቂቃ "ይሙቅ" ተብሎም ቢሆን። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ እንቅልፍ ያመጣል።

ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተነሳ ዘንድ ከማሽኑ ትንሽ ልውጣ። ይህ መርዝ ከከሰልም ይወጣል። ቡና ቆልቶ ከጨረሱ በኋላ ፍሙን "ቤቱን ያሙቅልን" ብሎ ክፍል ውስጥ ማሳደር፣ በተለይ ማማድ ውስጥ በርና መስኮት ዘግቶ፣ በየክረምቱ የምንፈራው ነገር ነው። ኢትዮጵያ የነበረው ጎጆ ይተነፍስ ነበር፤ ጭሱ በሣር ክዳኑ ይወጣ ነበር። ማማድ ግን የተሠራው አየር እንዳያስገባ ነው። ፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የቤቱን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ከያዘ፣ ወደ ውጭ ወጥቶ 101 መደወል ነው።

የናታኒያ ጠላት ሌላ ነው

እዚሁ የሚያድር ማሽን ከውርጭ ይልቅ የሚጠፋው በጨውና በካልክ ነው። የባሕሩ አየር ጨው ይዞ ይመጣል፤ ወደ ባሕር የሚያይ ሰገነት ላይ የተቀመጠ ማሽን በአንድ ክረምት ብሎኖቹ ይዝጋሉ። ውሃው ደግሞ "አቭኒት" የሚሉትን ነጭ ካልክ ይተዋል፤ በማሰሮ ታች የሚታየው ነጭ ነገር እሱ ነው። ፓምፑ ውስጥ ውሃ ቀርቶ ሲደርቅ ያ ነጭ ነገር ቫልቮቹ ላይ ይጋገራል። ሚያዝያ ላይ ሲነሳ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሞተሩም ያለ ምክንያት ይነሳል፣ ይቆማል። ደስ የሚለው፣ መድኃኒቱ ያው ነው፦ ውሃውን ማውጣትና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ። ለውርጭ የተማረ ልጅ ከካልክም ዳነ።

ጣሪያ ላይ ያለውም ዱድ ሸሜሽ የዚሁ ቤተሰብ ነው። በእስራኤል ከ1980 ጀምሮ በአዲስ መኖሪያ ቤት ላይ የፀሐይ ማሞቂያ መግጠም በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ ስለዚህ በአገሩ ጣሪያ ሁሉ ውሃ ያለባቸው ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ወደ ሰማይ ተዘርግተው ያድራሉ። በጠራ ሌሊት እነዚያ ቱቦዎች ከአየሩም ይበልጥ ስለሚቀዘቅዙ፣ የሙቀት መለኪያው ሁለትና ሦስት ዲግሪ ከዜሮ በላይ እያሳየ ውሃቸው ሊጋገር ይችላል። ናታኒያ ይህ አያሰጋም ማለት ይቻላል። ኢየሩሳሌም ወይም ጽፋት ልጅ ያላችሁ ግን ጠይቁ፤ በቀዝቃዛ አካባቢ ቱቦው ውስጥ ውሃ ሳይሆን አንቲፍሪዝ የሚዞርበት ዓይነት አለ። ጠዋት ሙቅ ውሃው ካልመጣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በእሳት ማቅለጥ የለም። ቧንቧውን ጥቂት ከፍቶ ፀሐይን መጠበቅ፤ ሲቀልጥ የሚያፈስ ካለ የውሃውን ዋና መዝጊያ ዘግቶ ቧንቧ ሠሪ መጥራት።

ሽማግሌዎችን በዚህ ጉዳይ ማነጋገር የፈለግሁበት ምክንያት አለ። በብዙ ቤተሰብ የማሕሳኑን ቁልፍ የያዙት አያት ናቸው። ማሽኑ ማታ ሲመለስ ቤት የሚገኙት እሳቸው ናቸው። ልጁ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ ደክሞ ሲገባ፣ አምስት ደቂቃ ቆሞ ውሃ ማንጠፍጠፍ ሞት ሆኖ ይታየዋል። "ውሃውን አወጣህ?" የምትል አንዲት ጥያቄ ከእናንተ አፍ ስትወጣ እኛ ከምንጽፈው ሁሉ ትሰማለች። ከናታኒያ ውጭ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ስልክ አለ። ከመተኛቱ በፊት መደወል ነው፣ በተለይ ዝናቡ ባቆመ ማታ።

የዚህ ሁሉ መጥፎነት ጉዳቱ የሚታወቅበት ጊዜ ነው። ማሽን በቴቬት ተሰንጥቆ እስከ ኒሳን ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ክረምት ላይ የውጭ እጥበት ሥራ ይቀንሳል፤ ሰው ማሽኑን ጥግ ላይ አስቀምጦ ሌላ ሥራ ይሠራል። ከፑሪም በኋላ ስልኩ መጮህ ይጀምራል፦ የፋሲካ ጽዳት፣ ደረጃ፣ ሰገነት፣ ግቢ፣ መኪና። ያኔ ማሽኑን ሲያስነሳው ከሥሩ ውሃ ይረጫል። ጥገና ቤቱም በዚያ ሳምንት ሞልቷል፤ መለዋወጫውም እስኪመጣ ቀን ይፈልጋል፤ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ደግሞ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑን በሽቫት መጨረሻ ወይም በአዳር መጀመሪያ፣ ፀሐያማ ቀን መርጦ፣ ለአምስት ደቂቃ በውሃ ማስነሳት ይገባል። ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፉለት። ካርቶኑ ላይ ጠብታ ከታየ፣ ጥገና ቤቱ ገና ባዶ ነው።